ሳይፈቀድ የተቀዳ ሻይ

የልጅ ልጄ እስክሪብቶና እርሳሷን የምታኖርባት አንዲት ብርጭቆ አለች። አፏ ዙሪያውን የወርቅ ቀለም ነበረው፤ ዛሬ ታጥቦ ታጥቦ አልቆ እዚህም እዚያም ብቻ ብልጭ ይላል። ትናንት ጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ብርጭቆዋ ጠረጴዛው ላይ ቀይ ሆና ታየችኝ። የእርሳሶቹ ቀለም ነው። እኔ ግን ሻይ የተቀዳባት መሰለኝ። የቅርንፉዱ ሽታ ሳይቀር መጣብኝ። እንግዲህ ካነሣሁት ልጨርስልህ።

ብርጭቆዎቹ ስድስት ነበሩ። የእናቴ አባት ነጋዴ ነበሩ፤ በቅሎ እየጫኑ ከቡሬ ተነሥተው ዓባይን ተሻግረው ወለጋ ይወርዱ ነበር። ከአንዱ መንገዳቸው ሲመለሱ ብርጭቆዎቹን በጥጥ ጠቅልለው፣ በእህል ጆንያ ውስጥ ቀብረው፣ አንድም ሳይሰበር አመጧቸው ይባላል። እናቴ ስትዳር ለእሷ ተሰጡ። ቤታችን ከቡሬ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በዚያ ዘመን በኛ ቀበሌ ሻይ የሚያፈላ ቤት እምብዛም አልነበረምና ብርጭቆዎቹን ለማየት ብቻ የሚመጣ ሰው ነበር። እናቴ ከሳጥን የምታወጣቸው ግን በዓመት አንድ ቀን፣ የንስሐ አባታችን ሲመጡ ነው።

እኔና እህቴ የራሳችን ሻይ ነበረን። እሷ አሥራ አንድ፣ እኔ ስምንት ዓመታችን ነው። ከጎተራው ጀርባ ተቀምጠን የተጨመቀ ሎሚ ልጣጭ ብርጭቆ እናደርጋለን፤ ቀይ አፈር በውሃ በጥብጠን ሻይ እንለዋለን። እሷ ባለቤት ናት፣ እኔ እንግዳው የንስሐ አባት።

“ይጠጡ እንጂ አባ! ምነው፣ አልጣመዎትም እንዴ?” ትለኛለች፣ ነጠላዋን አጣፍታ።

“ኧረ ጥሞኛል። ስኳር ብቻ ጨምሪበት።”

“ስኳር ከየት ይምጣ? ይልቅ ይመርቁኝ።”

“ትልቅ ሰው ሁኚ።”

“አሁን ይሄ ምርቃት ነው?” ትልና የሎሚውን ልጣጭ ትወረውርብኛለች።

እጃችን ቀኑን ሙሉ ሎሚ ሎሚ ይሸት ነበር። ምኞታችን አንድ ነበር፤ አንድ ቀን በእውነተኞቹ ብርጭቆዎች እንግዳ ማስተናገድ።

በዚያ ዓመት የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ትምህርት ቤት ተከፈተ። አባቴ፣ አገሩ ሁሉ እየሳቀበት፣ “ይቺን አስተምራታለሁ” ብሎ እህቴን አስመዘገባት። ደብተርም ገዛላት። ደብተሩን ከራስጌዋ ሳታደርግ አትተኛም ነበር።

ጥቅምት ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ደጃችን ቆሙ። አባቴና እናቴ ገና ሲያዩዋቸው ለምን እንደመጡ አወቁ። በኛ አገር ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ እሺ ሳይባል የቤቱን እህል ውሃ አይቀምስም። ቀርቦለት ከቀመሰ ነገሩ አለቀ፤ ቤቱ እሺ ብሏል ማለት ነው። ይህን ትልቅ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኛ አናውቅም ነበር።

“ልጅዎን ለልጃችን ብለን ደጅ ልንጠና መጥተናል” አሉት፣ ትልቁ ሽማግሌ።

“ልጄ ገና ናት። ደግሞም ትምህርት ቤት አስገብቻታለሁ” አለ አባቴ።

“ተምራስ? ጸሐፊ ልትሆንልዎት ነው?” አሉና ሦስቱም ሳቁ።

ይህን ሁሉ በኋላ የነገረችኝ እናቴ ናት። እኔና እህቴ ጓዳ ሆነን ዓይናችን በራዱ ላይ ነበር። እናቴ፣ ምናልባት አባቴ እሺ ካለ ባዶ እጇን እንዳትገኝ ብላ፣ በራዱን ጥዳ ብርጭቆዎቹን አጥባ በትሪ ደርድራ ነበር። አባቴ “እስቲ ከእናቷ ልምከር” ብሎ ወደ ውጭ ሲጠራት፣ “እስክመለስ እንዳትነኩ” ብላን ወጣች።

በራዱ ይንተከተካል። ክዳኑ ይዘላል። የቀረፋውና የቅርንፉዱ ሽታ ጓዳውን ሞላው።

“እታለም፣ እንቅዳ” አልኳት።

“እማ እንዳትነኩ ብላለች።”

በጓሮ በር ወጣ ብዬ ተመለስኩ። “አባ ቅጂ ብሏል። አሁን በጓሮ በር ነገረኝ።”

ዓይኗ በራ። “እስቲ በማርያም በል!”

“በማርያም!” አልኩ።

ያን ጊዜ እንዴት ቀለለኝ! ዛሬ ስጽፈው እጄ ይከብደኛል።

ቀዳች። አንዲት ጠብታ አላፈሰሰችም። ትሪውን ይዛ አንገቷን ደፍታ ወጣች፤ እኔ ከኋላዋ ነኝ። ሽማግሌዎቹ ብርጭቆዎቹን አዩ፤ እርስ በርሳቸውም ተያዩ።

“ልጄ፣ ማን ላከሽ?” አሏት፣ ትልቁ።

“አባታችን ነው” አለች፣ ምንም ሳትጠራጠር።

ሦስቱም ከተቀመጡበት ተነሡ። እጃቸውን ዘርግተው መረቋት። ከዚያ ተቀምጠው ፉት እያሉ ጠጡ። ያ ፉት የሚሉበት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አባቴ ሲገባ ብርጭቆዎቹ ባዶ ሆነዋል። የገባው እምቢ ሊል ነበር። እናቴም “ልጄን አታስነጥቀኝ፣ እምቢ በል” ብላው ነበር።

“እግዜር ይስጥልን ጌታዬ። በራሷ እጅ እሺታዎን ሰጡን” አሉት።

ሽማግሌ ጠጥቶ መርቆ ካበቃ በኋላ አይሆንም ማለት በዚያ አገር ደም የሚያፋስስ ነገር ነበር። አባቴ መደቡ ላይ ቁጭ አለ። እንግዶቹ ሲሄዱ እህቴን ጠራት።

“አንቺ ነሽ የቀዳሽው?”

“አዎ አባ” አለች፣ ፈገግ ብላ። ይመርቀኛል ብላ ነው።

ሌላ ነገር አልጠየቃትም። ማን አዘዘሽ ቢላት ይወጣ ነበር። እኔ ከምሰሶው ጀርባ ቆሜ እሰማ ነበር።

ጥር ላይ ተዳረች። በበቅሎ አፈናጠው ወደ ሊበን በኩል ወሰዷት። ደብተሯ ለእኔ ተሰጠኝ፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ፊደል ጽፋበታለች። ሁለት ዓመት ተምሬ ተውኩት።

እህቴ አድጋ የዚያን ሻይ ትርጉም ስታውቅ፣ አባቴ በገዛ እጇ አስረከባት መሰላት። ለበዓል ስትመጣ ጉልበቱን ስማ ትነሣለች፤ ከዚያ ወዲያ ቃል የለም። ሁለት ልጆች ቀብራ ስትመጣ እንኳ እናቴ ጋ እንጂ እሱ ጋ አላለቀሰችም። አባቴ አንድ ቀን ሞፈር እየጠረበ፣ “ይቺን ልጅ ምን በድያት ነው?” አለኝ። እኔ የወደቀውን ፍቅፋቂ እለቅም ጀመር። ስንት ጊዜ እንዲህ ጠየቀኝ መሰለህ። ሲሞትም መጣች። ከአልቃሾቹ መካከል ተቀመጠች፤ ዓይኗ ደረቅ ነበር። ሴቶቹ “ምን ዓይነት ልጅ ናት፣ ድንጋይ!” ሲሉ ሰማሁ። ያን ቀንም ዝም አልኩ።

አምና፣ ጉልበቴ እየከዳኝ ሲሄድ፣ ከምኖርበት ከፍኖተ ሰላም ተነሥቼ መኪና እየቀያየርኩ ሊበን ሄድኩ። እህቴ ደጃፏ ላይ በሰፌድ ምስር ስትለቅም አገኘኋት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ውሃ አቀረበችልኝ፤ ሳልጠጣ ነገርኳት። ከጓሮው በር ጀምሬ እስከ ምሰሶው ድረስ ሁሉንም።

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ።

“አባ አላዘዘም?”

“አላዘዘም።”

“እምቢ ሊል ነበር?”

“እምቢ ሊል ነበር የገባው፣ እታለም። እማም እምቢ በል ብላዋለች።”

ከሩቅ የባጃጅ ድምፅ መጥቶ አለፈ።

“በማርያም ብለኸኝ ነበር” አለችኝ።

“ብዬሽ ነበር።”

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሰፌዱን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧን አሠረች፣ ልክ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው። ከዚያ “አባዬ! አባዬ! ሳላለቅስልህ!” ብላ ጮኸች። እንዲያ ያለ ጩኸት ከዚያች ቀጭን ደረት ይወጣል ብዬ አላሰብኩም። ደረቷን እየመታች፣ ልጅነቷን እየጠራች፣ ሞፈሩንና በሬዎቹን እያነሣች አለቀሰችው።

ጎረቤቶች ጩኸቱን ሰምተው እየሮጡ መጡ። “ምነው? ማን ሞተ?” አሉ።

“አባታችን” አልኳቸው።

መቼ ብለው አልጠየቁም። መሬቱ ላይ አጠገቧ ተቀመጡና አብረዋት አለቀሱ።