አንድ ሚሊዮን አንድ ይካፈላል

እስከዳር ቶሎ የምትቆጣ ሴት አልነበረችም። አምባ ጊዮርጊስ ተወልዳ፣ ጎንደር ተምራ፣ ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ስታስተምር ድምጿን ከፍ አድርጋ ስትናገር የሰማት የለም። ያን ሰኞ ግን የወንዴን ቢሮ በር በርግዳ ገባች።

ወንዴ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ነው። በፈተናው ላይ «አንድ ሚሊዮን አንድ ብቸኛ ቁጥር ነው ወይ?» ብሎ ጠይቋል፤ ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም ወይ ማለቱ ነው። ለአራሚዎች የሰጠው መልስ «አዎ» የሚል ነበር። በመቶ አንድ እንደሚካፈል ሠርተው ያሳዩ ተማሪዎች ሁሉ ዜሮ ተሰጣቸው።

«መቶ አንድን በዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ አባዛው እስቲ!» አለችው።

ወንዴ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። «አውቃለሁ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ኋላ ነው ያየሁት። ውጤቱ ግን ተልኳል። አሁን ተሳስቻለሁ ብል ምን ይሉኛል? አንዲት ጥያቄ እኮ ናት፤ ምነው ይህን ያህል?»

ደሟ ፈላ። የመጣችው ከተሳሳተ ሰው ጋር ልትከራከር ነበር፤ ያገኘችው እያወቀ ዝም ያለ ሰው ነው። ደግሞ ኮሌጅ ሳሉ ይህንኑ ቁጥር ያስረዳት ራሱ ወንዴ ነበር። ሣሩ ላይ ተቀምጠው፣ «ሁለት በሁለት በሁለት ስምንት ነው፤ አንድ ስትጨምሪበት ዘጠኝ፣ ለሦስት ይካፈላል። መቶ በመቶ በመቶም ሚሊዮን ነው፤ አንድ ስትጨምሪበት ለመቶ አንድ ይካፈላል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው!» ሲላት ፊቱ በደስታ በርቶ ነበር።

«አንተ ነህ ያስተማርከኝ!» ብላ ጮኸች።

«እስኪ፣ ድምፅሽን ቀንሺ» አላት በቁልምጫ ስሟ ጠርቶ።

«አልቀንስም!»

በማግሥቱ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ማንንም ሳታስፈቅድ ማይክሮፎኑን ያዘች። «አንድ ሚሊዮን አንድ ብቸኛ ቁጥር አይደለም። አይደለም ያላችሁ ልክ ናችሁ። የተሳሳትነው እኛ ነን።» «እኛ» የምትለውን ቃል ያወጣችው በግድ ነበር።

ርእሰ መምህሩ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጣት። የተማሪዎቹ ውጤትም ይቅርታ የሚል ሰው ሳይኖር በዝምታ ተስተካከለ። እሷም በቃ፣ አለፈ ልትል ነበር። ውጤቱ በተስተካከለበት ቀን ግን ወደ ክፍል ስትሄድ ሰሎሜ የምትባል ተማሪዋ መንገድ ላይ አስቆመቻት።

«ቲቸር፣ እኔ እኮ ዜሮዬን ሳይ መቶ አንድ አይገባበትም ማለት ነው ብዬ አምኜ ነበር። ደጋግሜ ሠራሁት፤ በየጊዜው ይገባል። የማካፍልበት መንገድ ነው የተበላሸው ብዬ ተውኩት።»

የእስከዳር ንዴት እንደ አዲስ ተቀሰቀሰ።

ከሰዓት በኋላ ወንዴ ኮሪደር ላይ ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋላት። «ተስተካከለ እኮ፣ እስኪ።»

«ያስተካከልከው አንተ አይደለህም» አለችና እጁን እንደተዘረጋ ትታው ወደ ክፍሏ ገባች።