አንድ ያርድ ሲቀር

አቶ ኩምሳ በንጉሡ ዘመን ለትምህርት አሜሪካ መጥተው የቀሩ የድልድይ መሐንዲስ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ድልድይ ሲፈትሹ ኖረው ጡረታ በወጡ ጊዜ፣ ኦክላንድ አፕታውን በሚገኘው አፓርትማቸው ተቀምጠው፣ በዓለም ላይ ሳይፈታ ቀርቷል ያሉትን አንድ ጥያቄ ያጠኑ ጀመር፤ በአሜሪካ ፉትቦል አንድ ያርድ ብቻ ሲቀር ምን ይደረጋል?

ይህን ለማስረዳት ትዕግሥታቸው ወሰን አልነበረውም፤ የሰሚው ትዕግሥት ግን ነበረው። ቡድኑ ኳሱን ዐሥር ያርድ ለማስኬድ አራት ሙከራ ይሰጠዋል። በአራተኛው አንድ ያርድ፣ ማለትም አንድ ሰፊ እርምጃ ቀርቶት ካልተሳካለት፣ ኳሱ የባላጋራ ይሆናል።

«ያን ጊዜ ብልጠት ጠላት ነው» ይሉ ነበር፣ የጨው ዕቃና የሚጥሚጣ ብልቃጥ ገበታው ላይ እያሰለፉ። «ኳርተርባኩ፣ የጨዋታው መሪ፣ ኳሱን ይዞ ጎንበስ ይላል፤ ሁለት ሰው ከኋላ ይገፋዋል፤ በመሃል ይገባል። ዝቅ ያለ ያሸንፋል፤ ፊዚክስ ነው። ዙሪያውን የሚሮጥ ሰው አንድ ያርድ ለማግኘት ሠላሳ ያርድ ይደክማል።»

ልጃቸው ናዖድ ሳን ሆዜ ውስጥ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድን አሠልጣኝ ነው። አባትየው በየዓርቡ በባቡር እየሄዱ ጨዋታውን ይመለከቱ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በውድድር ዘመኑ መዝጊያ ጨዋታ፣ ቡድኑ በአራተኛው ሙከራ አንድ ያርድ ቀረው። ናዖድ መሃሉን ትቶ ኳሱ ወደ ዳር እንዲወረወር አዘዘ። ባላጋራ ጠለፈው፤ ቡድኑም ተሸነፈ። አቶ ኩምሳ ከወላጆቹ መካከል ብድግ ብለው፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማቸው በእንግሊዝኛ፣ «ይህን ያሰበ ሰው የእኔ ልጅ አይደለም!» ሲሉ ጮኹ። በአማርኛ ቢሉት ኖሮ ከናዖድ በቀር የሚረዳው አልነበረም። ናዖድ ዞሮ አያቸው፤ ከዚያ ወዲህ አልደወለም።

በዓመቱ አቶ ኩምሳ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ሦስታችንን ጠሩን፤ ኃይለየሱስን፣ መጋቢ ህዝቅያስንና እኔን።

«ነገ ሄጄ ልጄን ይቅርታ እጠይቃለሁ» አሉ።

ኃይለየሱስ ደነገጠ። «ኧረ ተው፣ አንተ ኩምሳ! አባት ልጁ ደጃፍ ቆሞ ማረኝ ሲል የት አየህ? ሽማግሌ ለምን ተፈጠረ?»

«ነገር ለማስረዘም።»

«ቀልድህን ተው! ቅዳሜ ኮል አድርገንለት እንሄዳለን። መጀመሪያ መንገዱን እንጥረግልህ።»

«አንድ ያርድ ቀርቶኝ ሜዳውን ልታዞሩኝ ነው» አሉ አቶ ኩምሳ። ግን ጨዋ ሰው ነበሩና ምክራችንን ተቀበሉ።

ሄድን። የናዖድ ባለቤት ሄለና በክብር አስተናገደችን። መጋቢ ህዝቅያስ ከዮሴፍና ከወንድሞቹ ጀምሮ አንድ ሰዓት ያህል መከረ። ናዖድ እስከ መጨረሻው አዳመጠና በተሰባበረ አማርኛው፣ «ዳድ ራሱ ይምጣ። ዛትስ ኢት፣ በቃ» አለ።

እኛ ሽምግልና የምናውቅ ሰዎች ነን። የመጀመሪያ ቀን መልስ መልስ እንዳይደለ፣ ሽማግሌም ሦስት ጊዜ ሳይመላለስ የሚጨበጥ ቃል እንደማያገኝ እናውቃለን። ስለዚህ የሰማነውን እንዳልሰማን ቆጠርነው።

«ስለ እኔ ምን አለ?» ብለው ጠየቁን አቶ ኩምሳ ስንመለስ።

«ልቡ ገና አልራራም» አልናቸው። «ለፋሲካ እንሄዳለን።»

በፋሲካ ናዖድ ያንኑ ቃል ደገመ፤ እኛም መሻሻል ነው ተባባልን። አቶ ኩምሳ ደግመው ጠየቁን፤ እኛም ደግመን «ትንሽ ጊዜ ይስጡት» አልናቸው። ሦስተኛው ቀጠሮ ለኦክቶበር የመጨረሻ ቅዳሜ ተያዘ።

ለቀጠሮው ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ አቶ ኩምሳን ስትሮክ መታቸው፤ ቀኝ ጎናቸውንና አንደበታቸውን ወሰደ። ለናዖድ ደወልሁለት። የቡድኑን ጃኬት እንደለበሰ፣ ከሜዳው በቀጥታ ሆስፒታል ደረሰ። አልጋው አጠገብ ቆሞ እንዲህ አለ፦

«ዳድ፣ ዛሬ አራተኛ ሙከራ፣ አንድ ያርድ ነበር። አንተ እንዳልከው በመሃል ገባን።»

የአባትየው ዓይን በራ።

«አቆሙን። አንድ ኢንች እንኳ አልሄድንም።»

የአቶ ኩምሳ ግማሽ ፊት ሳቀ። ከዚያ ከንፈራቸው ሌላ ነገር ለማለት ይታገል ጀመር። ናዖድ ሊሰማ ጎንበስ ሲል ግራ እጃቸው በጀርባው ዞረና ወደ ራሳቸው ገፋው፤ ባለ በሌለ ኃይላቸው ገፋው። ቃሉ ግን አልወጣም።

ኮሪደሩ ላይ ናዖድ ተከተለኝ። «ጋሼ፣ ምን ሊለኝ ነበር?»

«ይቅርታ ሊልህ ነው። ባለፈው ዓመት ሊመጣ ተነሥቶ ነበር፤ እኛ ከለከልነው።»

«ይምጣ ብያችሁ ነበርኮ።»

«ብለኸናል።»

«ነገራችሁት?»

መልስ ሳይጠብቅ ወደ ክፍሉ ተመለሰ።

አቶ ኩምሳ ማክሰኞ ዐረፉ። ቅዳሜ፣ በተያዘው ቀጠሮ፣ ልክ በሰዓቱ፣ ሦስታችን ሳን ሆዜ ናዖድ ቤት ለልቅሶ ደረስን። መጋቢ ህዝቅያስ ለሦስተኛው ሽምግልና ያዘጋጀው ንግግር በኪሱ ነበር። የልቅሶ ቤት በር አይዘጋምና ማንኳኳት አላስፈለገንም። ናዖድ ብድግ ብሎ ተቀበለን። ኃይለየሱስ ገና ከደጃፉ፣ ማንንም ሳያስቀድም፣ «ልጄ፣ ይቅር በለኝ» አለው።

ናዖድ ወንበር ሳበለት።