አፈር የመጣባት ብልቃጥ

ነገሩ ሁሉ የመጣው «ሰገራ» የምትለውን ቃል ሰው ፊት መናገር ስላፈርሁ ነው። አሁን ስጽፋት እንኳ እጄ ይከብደኛል።

ከደብረ ማርቆስ የመጡ አጥኚዎች የሆድ ትል በማን ላይ እንዳለ፣ ሰዉስ ጫማ ማድረግና እጅ መታጠብ ላይ ምን ልማድ እንዳለው ሊያጠኑ እኛ ቀበሌ ሰነበቱ። እኔ ከይጁቤ ወጣ ብሎ የምኖር፣ ከአራተኛ ክፍል ያላለፍሁ ሴት ነኝ። ማንበብ ግን እወዳለሁ። የልጆቼን ደብተር፣ መድኃኒት ካርቶን ውስጥ ተጣጥፋ የምትመጣዋን ወረቀት ሳይቀር አነባለሁ። ለዚህ መሰለኝ ቤት ለቤት እንድዞርላቸው የመረጡኝ። ኮራሁ። ነጭ ጋዋን ባይሰጡኝም እንደለበሰ ሰው ነበር የምራመደው።

ቁጥር የተለጠፈባት፣ ክዳን ያላት የፕላስቲክ ብልቃጥ ለየሰዉ እሰጣለሁ፣ ለራሴም አንዷን እይዛለሁ፤ በማግሥቱ እሰበስባለሁ። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። የቡድኑ ኃላፊ አንድ ነገር ብቻ ደጋግሞ ነገረኝ።

«እትዬ፣ የአንዱ ከሌላው እንዳይቀላቀል። ለእኛ ቁጥሩ ማለት ሰውየው ማለት ነው።»

የኔታ ዘንድም ሄድሁ። የኔታ የደብራችን የቅኔ መምህር ናቸው፤ እኔንም በልጅነቴ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ከጎጇቸው ደጅ ተቀምጠው፣ ተማሪዎቻቸው ከበዋቸው ደረስሁ። ቃሏን እነሱ ፊት መናገር አፈርሁና ጨዋውን ስም ያዝሁ።

«የኔታ፣ ለምርመራ ነው፤ በዚህች ዓይነ ምድር ያስቀምጡልኝ።»

ብልቃጧን አገላብጠው አዩዋት። «ዓይነ ምድር?»

«አዎ የኔታ።»

«ስንት ቁና?»

«ኧረ የጣት ጫፍ ታህል ትበቃለች።»

ተማሪዎቹ አፋቸውን በደበሏቸው ሸፍነው ሳቁ። በማግሥቱ ብመለስ ብልቃጧ ሞልታ ጠበቀችኝ። ብከፍታት ቀይ አፈር።

«የኔታ፣ ይኼ አፈር ነው እኮ።»

«ኋላ ምን ኖሯል? በግእዙ ዓይነ ምድር የምድር ፊት ነው። ከደጄ ዘገንሁልሽ። ሰሙን ጠየቅሽ፣ ሰሙን ሰጠሁ። ወርቁን ደግሞ ባለቤቱ ለሴት ልጅ አያሳይም።»

ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በተማሪዎቻቸው ፊት አፍረው መከልከላቸው እንደሆነ ገብቶኛል። ሲበተኑ ጠብቄ፣ ለብቻቸው አድርጌ፣ ትሉ በባዶ እግር ገብቶ ደም እንደሚመጥ ላስረዳቸው ይገባኝ ነበር፤ እሳቸው እንደሆነ ቤተ ክርስቲያኑን ሲዞሩ ጫማ አያደርጉም። ግን የአጥኚዎቹ መኪና ሊሄድ ነው፤ እኔም አንዲት ብልቃጥ አጉድዬ መቅረብን ጠላሁ። ጓሮዬ ገብቼ አፈሩን አራገፍሁ፣ አጠብኋት፣ ከራሴ ብልቃጥ ከፍዬ ጨመርሁባት። ማንም አላየኝም። ኃላፊው ቆጥሮ «አንድም አልጎደለ፣ እትዬ ጎበዝ ነዎት» አለኝ።

ውጤቱን ያደልሁት እኔው ነኝ። የኔም የእሳቸውም ወረቀት «ትል አልተገኘም» ይላል። የኔታ ደስ አላቸው፤ «ለካ ሰው ከሚረግጠው አፈርም ያውቁታል» ብለው አጥፈው ከዳዊታቸው ማኅደር ከተቱት።

ክረምቱ ሲወጣ ወደ ደብሩ የምትወስደዋን አቀበት ሦስት ጊዜ እያረፉ መውጣት ጀመሩ። መዳፋቸው ነጣ። ሰዉ «ጾሙ ነው» አለ፣ «እርጅና ነው» አለ። እኔ ምን እንደሆነ ጠርጥሬያለሁ።

«ጤና ጣቢያ ይሂዱ የኔታ።»

ወረቀቷን ያወጣሉ። «ራስሽ አምጥተሽልኝ? ተመርምሬ ነጻ የወጣሁ ሰው ነኝ እኮ።»

ዝም አልሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ደግ። እሳቸው ወረቀቷን ባወጡ ቁጥር ዝም አልሁ። እያስተማሩ ድምፃቸው ይቆረጥ ጀመር፤ ኋላም ተኝተው የሚውሉበት ቀን በዛ። ተማሪዎቹ አንድ ሁለት እያሉ መምህር ፍለጋ ሄዱ፤ የሚበዙት ወደ መርጡለ ማርያም። ስንቃቸውን አንግተው በደጄ ሲያልፉ «ደኅና ሰንብቱ እማማ» ይሉኛል። መጨረሻዎቹ ሁለቱ ያለፉ ዕለት ቁጭ ማለት አቃተኝ፤ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ሄድሁ።

«የኔታ፣ ያ ወረቀት የእርስዎ አይደለም።»

«የማን ነው?»

«የኔ። አፈሩን ደፍቼ የራሴን ጨመርሁበት።»

ቢቆጡኝ፣ ቢረግሙኝ ይቀለኝ ነበር።

«እንግዲያ ባንቺ ሆድ ነዋ የከረምሁት» አሉ። «አይ አንቺ። ሰፊ ሆድ ነው ያለሽ፤ እኔንም ነገሩንም ይዞ ከረመ።»

በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድኋቸው። ሰው በተሰለፈበት ነርሷ ብልቃጥ ሰጠቻቸው። ብልቃጧን ሳይሆን እኔን አዩኝ።

«ምን አምጣ ነው የምትለኝ? በአማርኛ ንገሪኝ።»

«ሰገራ፣ የኔታ» አልሁ፣ ሰልፉ እየሰማ።

«እንዲህ ብትይኝስ ኖሮ» ብለው ከዘራቸውን ተደግፈው ሄዱ።

ትሉ ተገኘ። ደማቸው አልቋል ተባለ፤ የትል መድኃኒትና ደም የሚተካ ኪኒን ይዘን ተመለስን። ለጥናቱ ኃላፊም ደውዬ ያደረግሁትን ነገርሁት። «ሁለቱንም ቁጥር ይንገሩኝ፣ እሰርዛቸዋለሁ» አለ። ጎበዝ አላለኝም።

የኔታ አሁን አቀበቱን ሳያርፉ ይወጣሉ። «እኔም አፈር ሰጥቼሻለሁ፣ ጥፋቱን እንካፈለው» ይሉኛል። ግን ጥፋታችን እኩል አይደለም፤ እሳቸው ሲቀልዱ አላወቁም፣ እኔ ዝም ስል አውቃለሁ። ተማሪዎቹም አልተመለሱም። በደኅናው ጊዜ ጓሮዬ ሆኜ የጉባኤውን ድምፅ እሰማ ነበር፤ ዛሬ የምሰማው የሳቸውን ድምፅ ብቻ ነው።

ወረቀቷን ልቅደዳት ብዬ ለመንኋቸው። ከማኅደሩ አውጥተው ሰጡኝ።

«ያንቺ ጤና ነው የተጻፈባት፤ ደግ ወሬ አይቀደድም።»

ከልጆቼ ደብተሮች መሃል አስቀምጫታለሁ። ሆዱ የኔ ነው፤ ቁጥሩ የሳቸው።