ቁጭ ካልሽ አይቀር

ዩኒቨርሲቲው ወደ ክፍል እንድንመለስ የጠራን ቀን የክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ ታመሰ። ወረርሽኙ ከየቤታችን ከከተተን ወዲህ ትምህርቱ በስልክ ነበር፤ አሁን ደባርቅ ግቡ ተባልን። ልጆቹ አልወደዱትም። «ዶርሙ ውኃ የለውም፣ ብርዱም አይቻልም» አለ አንዱ። «እኔ ሌክቸር የማዳምጠው ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ነው፤ ማን ነው ከዚህ የሚያስነሳኝ?» አለች ሌላዋ። ተወካያችን በስልክ ይቀጥልልን የሚለውን «የሁላችንን ሐሳብ» ለዲፓርትመንቱ እንደሚያቀርብ ጻፈ።

ከዚያ በፊት ግሩፑ ላይ ጽፌ አላውቅም። «የሁላችን አትበል፤ እኔ መመለስ እፈልጋለሁ» ብዬ ጻፍሁ።

«እትዬም አሉ እንዴ?» አለ አንዱ ቀልደኛ። «እርስዎ እንኳ ከቤትዎ ሞቅ ብሎዎት ቢማሩ አይሻልም?»

አይሻልም። እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲያስገቡ እኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርሁ። የዩኒቨርሲቲውን ወንበር ከክፍሌ ልጆች አብዝቼ ጠብቄዋለሁ። ዳባት፣ አባቴ ቤት ደግሞ ስልክ ይዞ የተቀመጠን ሰው ይማራል ብሎ የሚቆጥር የለም። መምህሩ የላከውን ድምፅ ከፍቼ ስጽፍ እናቴ «ቁጭ ካልሽ አይቀር ይችን ምስር ልቀሚልኝ» ትለኛለች። ምስሩ ሳያልቅ ጎረቤት ብቅ ትላለች፤ «ቁጭ ካልሽ አይቀር ልጄን ያዥልኝ፣ ገበያ ደርሼ ልምጣ»። አትማሪ ያለኝ ሰው የለም። ቢሉኝ ኖሮ እከራከር ነበር።

ዋናው ሙግቴ ግን ከአባቴ ጋር ሆነ። አባቴ የዜማ መምህር ናቸው፤ ከሩቅ አገር የመጡ ተማሪዎች ከግቢያችን ጀርባ ጎጆ ቀልሰው ይማሩባቸዋል። ልብሴን ስሰበስብ አዩኝና «ትምህርቱ ከቤት ድረስ ከመጣልሽ ምን ያንከራትትሻል?» አሉኝ። «እናትሽ ደክማለች። እዚሁ ሆነሽ ጨርሽ።»

«አባባ፣ የጎረቤታችንን ልጅ ለምን መለሱት?» አልኋቸው።

ጎረቤታችን ልጁን ይዞ መጥቶ፣ ቀን እየተማረ ማታ እቤቱ ይደር ብሎ ለምኗቸው ነበር። አባቴ ወይ እዚህ ጎጆ ይሥራ፣ ወይ ሌላ ደብር ይሂድ፣ ከእናቱ ቤት እያደረ አላስተምረውም ብለው መለሱት።

«ያ ሌላ ነው» አሉ አባቴ። «ዜማ ከመምህር አፍ ነው የሚቀበሉት። በስልክ አይሆንም።»

«ያን ጊዜ ስለ አፍ አላነሡም። ስለ ቤት ነው ያነሡት። ቤተሰቦቹ ውኃ ቅዳ፣ ከብት መልስ እያሉ ይበሉታል ነው ያሉት። በሩ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ።»

«እሱ ወንድ ልጅ ነው።»

«ወንዱን ይበሉታል ካሉ፣ ሴቷንማ አጥንቷንም አያስተርፉላት።»

ከጎጆው በኩል አንድ ተማሪ ሳቁን በሳል ሸፈነው። አባቴ ወደዚያ ዞር አሉ፤ ሳሉ ጸጥ አለ። ለእኔ ግን ሂጂም አላሉኝ፣ ቅሪም አላሉኝ። እናቴ በማግሥቱ ልትሸኘኝ ከጓዳ አልወጣችም። መድከሟ እውነት ነው፤ እሱን አልክድም። ግን ለእሷ ድካም መፍትሔው የእኔ መቅረት ነው የተባለው ማንም ሳይጠየቅ ነው። ምርቃት ሳልቀበል ሚኒባስ ተሳፈርሁ፤ ከቤት ወጥተው ለሚኖሩት ወንድሞቼም፣ ቤቱ የእነሱም ነውና መጥተው እናታችንን እንዲያግዙ መልእክት ላክሁላቸው።

የተወካያችን ጥያቄ ተቀባይነት ስላጣ ልጆቹም መጡ። ደባርቅ እነሱ እንዳሉት ነው። ቧንቧው ደርቋል፤ ሌሊት ጋቢዬን ደርቤም እንቀጠቀጣለሁ። አንደኛው መምህር እንዲያውም በስልክ ሲያስተምር ይሻል ነበር። እንዲያም ሆኖ መጽሐፍ ገልጬ ስቀመጥ ያለ ሥራ መቀመጤ ነው ብሎ የሚያስብ የለም።

የመጀመሪያው ቀን ከፊተኛው ረድፍ መሃል ተቀመጥሁ። ያ ቀልደኛ ዘግይቶ ገባና ከኋላዬ ተቀምጦ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

«እትዬ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ፤ ሰሌዳው አልታየኝም።»

«ነገ ቀድመህ ና» አልሁት፤ ንቅንቅም አላልሁ።