ከጎማዎቹ ሥር

ይህንን ለማንም አልተናገርኩም። ለአላህ ተናግሬያለሁ፣ እሱ ቀድሞም ያውቀዋል። ለሰው ግን፣ ለእናቴም ቢሆን፣ አልተናገርኩም። መጻፍ ብዙም አይሆንልኝም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ እዚያው ቀርቻለሁ። ካቋረጥኩት ደግሜ እንደማልጀምረው ስለማውቅ፣ እንደመጣልኝ ልጻፈው።

ወንድሜን ሰይድን የገደልኩት እኔ ነኝ። በእጄ አይደለም። ይኸው፣ በእጄ አይደለም ስል ራሴን ማዳን ጀመርኩ። እንደገና ልበለው። የገደልኩት እኔ ነኝ።

ገርጂ፣ ከድሮው ቤታችን ጀርባ፣ የሠራዊቱ መኪኖች የሚጠገኑበት ጋራዥ ነበር። አባታችን፣ አላህ ይዘንለትና፣ ዕድሜውን እዚያ በመካኒክነት ጨረሰ። ጋራዡ ተዘግቶ ከከተማ ውጪ እንዲዛወር ሲወሰን፣ የአካባቢ ጥናት የሚያደርጉ ሰዎች መጡ። መሬቱ ላይ ምን ሲፈስ እንደኖረ፣ ሥሩ ምን እንደተቀበረ ሳይጣራ ግቢው ለሌላ ሥራ አይሰጥም። ግቢውን የሚያውቅ ሰው ፈለጉ፤ ወረዳው እኔን ላከ። የመካኒኩ ልጅ አይደለሁ?

አውቅ ነበር። ከግቢው ጥግ፣ ከባሕር ዛፉ አጠገብ፣ አሮጌ የቤንዚን ታንከር መሬት ውስጥ አለ። ሰዎቹ ወረቀት ላይ ያገኙት አዲሱን ብቻ ነው። አሮጌውን የሚያስታውሱት ወይ ጡረታ ወጥተዋል፣ ወይ እንደ አባቴ ሞተዋል። ከዛፉ ወዲህ ከአፈሩ ብቅ ያለች የታንከሩ ቧንቧ ነበረች። አባቴ አንድ ቀን አሳይቶኝ፣ «እዚህ ጋ ክብሪት እንዳትጭር፤ ሥሩ ገና ቤንዚን አለ፣ ያዣል» ብሎኛል።

ታዲያ ለምን ደበቅኩ? የሰፈሩ ወጣቶች ተደራጅተን፣ ከግቢው ለመኪና እጥበት የሚሆን ቦታ ሊሰጠን ቃል ተገብቶልን ነበር። የተበከለ መሬት ከተገኘ ግን ይታጠራል፣ እስከ መቼ እንደሆነም አይታወቅም የሚል ወሬ መጣ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ቢኒያም፣ «ኑሬ፣ ሽማግሌው አባትህ የነገረህ ነገር ካለ ዋጠው» ብሎኝ ሳቀ። ስለ ታንከሩ ምንም አያውቅም፤ ቀልዱን ነው። ቀልዱን እንደ ትእዛዝ የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ ስለተመቸኝ።

ቧንቧዋን በብረት መጋዝ ቆረጥኳት። የግቢው ጥበቃ ከልጅነቴ ስለሚያውቀኝ ምን ትሠራለህ አላለኝም። ብረቱ ብልጭታ እንዳይተፋ ውሃ እያፈሰስኩ ነበር የምቆርጠው። አያችሁ? የአባቴን ማስጠንቀቂያ አልረሳሁትም። ለራሴ አስታውሼዋለሁ። ከዚያ አፏን በጨርቅና በጭቃ ደፈንኩና ያረጁ ጎማዎች ከመርኩበት።

ጥናቱን የምትመራው ኢንጂነር ጎማዎቹ ጋ ስንደርስ ቆመች። ትሑት ሴት ናት፤ ጫማዋ በጭቃ ተበላሽቶ እንኳ ፊቷ አልተለወጠም።

«እዚህስ? የተቀበረ ነገር የለም?»

«የለም። ድንጋይ ነው፣ መሣሪያችሁም አይገባም።»

«አባትህ ስለዚህ ጥግ ምንም አላሉህም?»

«ምንም።»

የሞተ አባቴን የውሸት ምስክር አደረግኩት። እሷም አመነችኝ። እኔ በጠቆምኩበት ቆፍረው፣ እኔ በጠቆምኩበት አፈር ወስደው ሄዱ። ስትሰናበተኝ፣ «አንተ ባትኖር ጠፍተን ነበር» አለችኝ።

ሰይድ ያኔ ቦሌ ካርጎ ውስጥ ዕቃ ይጭን ነበር። ወደ የካ አባዶ ከተዛወርን ወዲህ በታክሲ ሰልፍ ግማሽ ቀኑ ያልቅ ነበር። ቦታው ሲሰጠን፣ ና የራሳችንን እንሥራ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። ሥራውን ለቆ መጣ። እዚያው ካርጎ ቢቀር ኖሮ ዛሬ ሰልፉን እየረገመ ቤት ይገባ ነበር።

የእጥበቱ ውሃ የሚገባበት ጉድጓድ ያስፈልገን ነበር። ሰይድ ግቢውን ዞሮ አየና ከጎማዎቹ ወዲህ ያሉትን ማንሳት ጀመረ።

«ሌላ ቦታ አይሻልም?» አልኩት።

«ለምን?»

«እንዲሁ።»

«እንዲሁ ምን ማለት ነው፣ የኔ ጌታ? መሬቱ የሚያዘቀዝቀው ወደዚህ ነው። ውሃ ለአንተ ብሎ ዳገት ይውጣ?»

ልጆቹ ሳቁ። እኔ በዓይኔ ለካሁ። ቧንቧዋ ከቀሩት ጎማዎች ሥር ናት፣ ታንከሩም ከባሕር ዛፉ ወዲያ ማዶ ነው፣ አይደርስበትም አልኩ። አፈሩ ግን ቤንዚን ስንት ዓመት ሲጠጣ እንደኖረ፣ ያዣል ያለኝ ሰው ልጅ የሆንኩትን እኔን ማን ያስተምረኝ?

እሱ ይቆፍራል፣ እኔ ከላይ አፈሩን በባልዲ እስባለሁ። ጉድጓዱ ከቁመቱ ሲያልፍ ከታች ጮኾ፣ «ኑሬ፣ ነዳጅ ወጣ። ለእማ ደውልላትና መኪና ትምረጥ» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ሽታው እኔም ጋ ደርሷል። ውጣ ማለት ምን ይከብዳል? አንዲት ቃል ናት። ውጣ ካልኩት ግን ለምን ይለኛል። ለምን የሚለውን ፈርቼ ሳቅኩ።

ጥቂት ቆይቶ፣ «ራሴን አመመኝ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አምጣልኝ» አለ። ሄድኩ። ከዚያ ሽታ መራቄ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ሱቁ ቅርብ ነው፤ ስመለስ ግን ስሙን እየጠሩ ነበር። እኔ ልግባ ስል ያዙኝ። በገመድ ሲያወጡት ውሃው እጄ ላይ ነበር፣ ገና እንደቀዘቀዘ።

ጉድጓድ ነው፣ አየር አጥሮት ነው አሉ። ሽታውንም የድሮ ጋራዥ ሽታ ነው አሉት።

ጀናዛው ፊት ኢማሙ፣ «ሰይድ ያስቀየማችሁ፣ ሐቃችሁ እሱ ላይ የቀረ ካላችሁ፣ ለአላህ ብላችሁ አውፍ በሉት» አሉ። ሰዉ ሁሉ አውፍ ብለናል አለ። እኔም አልኩ። አፌ እንዴት ተከፈተ? ሟች ላይ ሐቅ ያለው ይጠየቃል። የሟች ሐቅ ያለበትን የሚጠይቅ ግን የለም። ቢጠይቁ ኖሮ እናገር ነበር? አልናገርም ነበር። አልዋሽም ከእንግዲህ።

እናቴ ለቅሶ ከሚደርሰው ሰው መሐል ተነሥታ እኔን ታጎርሰኛለች። «ዓይኑ እያየ እኮ ነው የሞተበት» ትላቸዋለች፣ «ይኼኛውም እንዳይታመምብኝ።» እጎርሳለሁ። ዛሬም ከእጇ እጎርሳለሁ።

አሁን የምጽፈው ደፋር ስለሆንኩ አይደለም። ያንን ጉድጓድ ደፈኑት፤ የእጥበቱ ውሃ ግን ወደ ጎረቤት እየፈሰሰ አስቸገረ። ትናንት ቢኒያም ደውሎ፣ ሌላ ልንቆፍር ነው፣ ከባሕር ዛፉ ወዲያ ማዶ አለኝ። «አንተ አትምጣ ወንድሜ፣ ብታየው ያምሃል።» አዘነልኝ። ከባሕር ዛፉ ወዲያ ማዶ። እኔም እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ከዚህ ሁሉ በኋላም እሺ አልኩ።

ይህንን እንደጨረስኩ ለእናቴ እነግራታለሁ፣ ከዚያ ኢንጂነሯን ፈልጌ ቦታውን አሳያታለሁ። ከዚያ በኋላ የምታደርጉኝን አድርጉኝ። አውፍ በሉኝ አልልም። አውፍ ሊለኝ የሚችለው እሱ ነበር። እናንተ የማኅበሩ ልጆች፣ አካፋችሁን ብቻ መልሱ። የለም ብዬ ነበር። አለ። ከባሕር ዛፉ ወዲያ ማዶ፣ ከመሬቱ ሥር፣ አለ።