የነቀልኩት ችካል

የመምህራን ማሠልጠኛ ጨርሼ አገሬ ወገዳ በተመደብኩበት ዓመት ራሴን እንደ ፈላስፋ እቆጥር ነበር። ለዚህ ያበቃችኝ በፎቶ ኮፒ የተባዛች አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ናት፤ ማሠልጠኛው ውስጥ አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ አውሶኝ ሳልመልስለት ቀረሁ። ስለ ቴዎሶፊ ነበረች። በየሃይማኖቱ የተሰወረ አንድ ጥበብ አለ፣ ጥበቡም በቅርጾች ይገለጣል ትላለች። ባዶ ክብ ወሰን የሌለው ነው። ክቡ መሃል ነጥብ ሲያርፍ ፍጥረት ሊጀመር ነው። ጫፉ ወደ ላይ ያለው ሦስት ማዕዘን መንፈስ፣ ወደ ታች የዞረው ቁስ አካል፤ ሁለቱ ሲጠላለፉ ሰማይና ምድር ተገናኙ ማለት ነው። ሁሉንም በቃሌ ይዤው ነበር። ምን ያህሉ እንደገባኝ ባልናገር ይሻለኛል።

በዚያው በጋ የአጥቢያችን አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ በአዲስ ሊሠራ ሆነ። ቀያሹም ግንበኛውም አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም ነበሩ። በስማዳም በእስቴም ክብ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። መሣሪያቸው አንድ ችካል፣ አንድ ገመድና አንድ ቁና አመድ ነው። ችካሉን መሃል ይተክላሉ፣ ገመዱን ያስሩበታል፣ ከዚያ ገመዱን ወጥረው እየዞሩ በጫፉ አመድ ያፈሳሉ። መጀመሪያ የውጭው ግድግዳ ይሠመራል፤ ቀጥሎ ገመዱ ያጥርና የውስጠኛው። በሁለቱ መካከል የሚቀረው ቅኔ ማሕሌት ዙሪያውን እኩል ሊሰፋ የሚችለው ችካሉ ከቦታው ካልተነቃነቀ ብቻ ነው።

የውጭው ክብ እንዳለቀ ሰው ሁሉ ለምሳ ወደ ወይራው ጥላ ሄደ። እኔ አንድ ዲያቆን ይዤ መሃል ላይ ቆየሁ። አብሮ አደጌ ነው፤ ቤተ ልሔም በሚባለው የዜማ ደብር ድጓ ሲማር ቆይቶ መመለሱ ነበር። እሱን ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ከመቀመጫቸው እየተነሡ ይስሙታል። እኔን «ጠመኔው እንዴት ነው?» ይሉኛል። ቅናት ይዞኝ ነበር፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ቤተ ክርስቲያን ለምን ክብ እንደሆነ ታውቃለህ ብዬ ጠየቅሁትና መልሱን ሳልጠብቅ ጀመርኩ። ክቡን፣ ነጥቡን፣ መንፈሱን፣ ቁስ አካሉን አወረድኩለት። በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ ምሳው እንዳይቀርብን ብሎ ተነሥቶ ሄደ። ሦስት ማዕዘኖቹን ገና አላሳየሁትም ነበር። ዞር ቢል እንዲያይ ብዬ ችካሉን ነቀልኩና በጫፉ ሁለቱን አጠላልፌ መሬት ላይ ሣልኩ። ዞር አላለም።

አጎቴ ሲመጡ ሳይ ሥዕሉን በእግሬ አጠፋሁ። ከሥዕሉ ጋር ቀዳዳውም ጠፋ። እዚህ ነው ባልኩበት ቦታ ችካሉን ብተክለው አልገባ አለ፤ በድንጋይ መታሁት። የነበረበት ቀዳዳ ቢሆን ድንጋይ ባላስፈለገው ነበር። ይህን ያን ጊዜም አውቄዋለሁ። አጎቴ ገመዱን አሳጥረው አሰሩና የውስጠኛውን ክብ አሠመሩ።

ነገሩ የታወቀው ከሳምንታት በኋላ፣ ግድግዳው ቆሞ አናጢው ከግድግዳ ግድግዳ የሚጋደሙትን እንጨቶች ሲያወጣ ነው። ሁሉም እኩል ተቆርጠዋል። በምሥራቅ በኩል አጠሩ፣ በምዕራብ በኩል ተርፈው ወጡ። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። አጎቴ ሦስት ጊዜ ዞረው በክንዳቸው ለኩ።

«ዓይኔ ነው» አሉ መጨረሻ ላይ። «ከእንግዲህ ገመድ አልይዝም።»

ከጀርባቸው ቆሜ ነበር። ስለ ፍጥረት ሁሉ ያን ያህል የለፈለፈው አፌ ተዘጋ። እኔ ነኝ ብል ምን እየሣልክ ነበር ይሉኛል፣ መቅደስ በሚቆምበት ቦታ ላይ እንዲያ ያለ ሥዕል ጥንቆላ ነው ይላሉ፣ አስተማሪነቴም አለቀለት እያልኩ ለራሴ ምክንያት ደረደርኩ። ውሸት ነው። የፈራሁት የዲያቆኑን ሣቅ ነው። ያችን ሣቅ ላለመስማት አጎቴን አሳልፌ ሰጠሁ።

የውስጠኛው ግድግዳ ግማሹ ፈርሶ በሌላ ግንበኛ እጅ ተሠራ። ለሚቀጥለው በጋ አጎቴን ጠርተው የነበሩት የእስቴ ሰዎች ሌላ ሰው አግኝተናል ብለው ላኩባቸው። አጎቴም ገመዱን የጥጃ ማሰሪያ አደረጉት። በየበዓሉ ቤታቸው እየሄድኩ እበላለሁ፣ እጠጣለሁ፤ ጥጃው በዚያ ገመድ ታስሮ እያየሁ ስለ ዝናብ አወራለሁ። ስንት ዓመት እንዲህ እንዳደረግኩ ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

የነገርኳቸው ሞባይል እኛም አገር ከገባ በኋላ፣ እርጅናው ከደጃቸው አላስኬድ ሲላቸው ነው። መጽሐፏን፣ ሦስት ማዕዘኖቹን፣ ድንጋዩን፣ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ፈገግ አሉ።

«እናትህም እንዲህ ነበረች። ልጆች ሳለን ገንቦ የሰበርኩት እኔ፣ እኔ ነኝ የምትለው እሷ።»

«እውነቴን ነው ጋሸ። ነቅዬዋለሁ።»

«ችካል ተነቅሎ ሲተከል እኔ አጣዋለሁ? ያን ሁሉ ዘመን የያዝኩትን?» አሉ። «ዓይኔ ነው ልጄ፤ አምኛለሁ። አንተ በእኔ ጥፋት ስምህን አታክፋ።»

ደግሜ ልምል ስል እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። ከዚያ ያንኑ እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ።

«ለእኔ እንዳዘንክልኝ እግዜር ይዘንልህ» ብለው መረቁኝ።

አሜን አልኩ።