«እዚችው ናት» ይሉን የነበሩት ጋሽ ይመር

የጋሽ ይመርን ማረፍ የሰማሁት አዲስ አበባ ሆኜ፣ በስልክ ነው። ጠዋት አረፉ፤ ከቀትር በኋላ ተቀበሩ። በእስልምና ሬሳ አያድርምና ማንም ሊጠብቀኝ አይችልም ነበር። ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ወዳጆቻቸው አፈር ስታለብሷቸው፣ እኔ ስልኩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

በደርግ ዘመን ከደሴ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ በመኪናቸው መንገደኛ ያመላልሱ ነበር። አውሮፕላን ያለመደ ሰው ሲፈራ ካዩ፣ ሻንጣውን ራሳቸው ተሸክመው እስከ መሰላሉ ይሸኙታል። «ጋሼ፣ አዲስ አበባ ሩቅ ነው?» ለሚላቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ «እዚችው ናት።» ቅርቧ ሐርቡም እዚችው፣ ሩቋ አስመራም እዚችው። አንዱ ቀልደኛ «መካስ?» ቢላቸው፣ «እዚችው ናት፤ ብቻ አላህ ይጥራህ» አሉት። እኛ ወሎዎች ርቀት ስንጠየቅ ሁላችንም እንዲህ ነን፤ የእርሳቸው ግን ባሰ።

ይህች ቃል አንድ ቀን ጉድ ልታደርገን ነበር።

ትንሿ ልጄ መቅደስ ሽምብራ ስትበላ ትን አላትና ፍሬዋ አየር ቧንቧዋ ውስጥ ተሰነቀረች። ሐኪሙ «ማውጫ መሣሪያ የለንም፤ ቶሎ አዲስ አበባ አድርሻት» አለኝ። በመኪና ሙሉ ቀን ነው፤ ያውም መንገዱ በጦርነቱ ተዘግቷል። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ግን ሊነሳ ተቃርቧል፣ እኛ ደግሞ ገና ደሴ ነን። የይለፍ ወረቀት እንኳ ሳላወጣ ልጄን ታቅፌ ጋሽ ይመር መኪና ውስጥ ገባሁ።

ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁል ስንወርድ የልጄ ትንፋሽ ያፏጭ ነበር። ኬላው ላይ ገመድ ተወጥሯል። አንድ ወጣት ወታደር መሣሪያውን ደግኖ «ወዴት ነው?» አለ።

«እዚችው ናት» አሉ ጋሽ ይመር፣ ከልማድ።

እኔ ደግሞ እኩል «አዲስ አበባ!» ብዬ ጮህኩ።

ወታደሩ የወሎ ሰው አልነበረም። «አንተ እዚህ ትላለህ፣ እሷ አዲስ አበባ ትላለች። ማንን ልታታልሉ ነው? ውረድ!»

ጋሽ ይመር ወርደው እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ቆሙ። የልጄ ከንፈር ጠቆረ። «ኧረ በእመቤቴ! ልጄ ልትሞትብኝ ነው!» ብል ማን ሰምቶኝ።

«ልጄ፣ ወላሂ አላታለልንህም» አሉ ጋሽ ይመር። «የታመመ ልጅ ያቀፈችን እናት ሩቅ ነው ልበላት? አውሮፕላኑ ላይ ከደረሰች እኮ እዚችው ናት።»

ወታደሩ ጎንበስ ብሎ ልጄን አየ። ከዚያ ፊቱን እንዳኮሳተረ «የእኔስ አገር? ጎሬም እዚችው ናት?» አላቸው።

ጋሽ ይመር እጃቸውን እንዳነሱ የወጣቱን ፊት አዩ።

«እሷስ ሩቅ ናት፣ ልጄ» አሉት። «በጣም ሩቅ ናት። አላህ ለእናትህ ዓይን ያብቃህ።»

ገመዱን ራሱ ፈታልን። «ሂዱ፣ አባባ» አለ።

ስንደርስ አውሮፕላኑ ሞተር አስነስቷል። ጋሽ ይመር እየሮጡ ሄደው መሰላሉን ሊያነሱ ካሉት ሰዎች ጋር ተሟገቱልኝ። አዲስ አበባ ሽምብራዋን አወጡላትና መቅደስ ዳነች፤ ዛሬ እሷም የልጆች እናት ናት። የእርሳቸውን ሞት ስነግራት እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰችው።

ጋሽ ይመር፣ አላህ ጀነትን ይወፍቅዎ። የሄዱበት ሩቅ ነው ወይ ብዬ ብጠይቅዎ መልስዎን አውቀዋለሁ። ያን ቀን አምኜዎት ልጄ ተረፈችልኝ። ዛሬ ግን ለዚያ ወታደር እንደነገሩት እውነቱን ይንገሩኝ። ሩቅ ነው፣ ጋሼ። በጣም ሩቅ ነው።